የፈትለወርቅ ቀይ

«ያን ሁሉ ዓመት አስተምራ፣ ዛሬ ልጇ የሰው ሽንት ትሰበስባለች አሉ» አለች የሺ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ የሺ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርገው ሰው ስታመሰግን ብቻ ነው። ፈትለወርቅ ከአጥሩ ወዲህ፣ ፊቷን ልትታጠብ ውሃ የሞላ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር። ሌላ ሴት ሳቀች፤ ማን እንደሆነች በድምፅ አልለየቻትም። «ደመወዝ ይከፍሏት የለ?» አለች የሳቀችው። «ቢከፍሏትስ! የሰው ሽንት በሣጥን አሽጎ እስከ ባሕር ዳር መጫን ሥራ ሆኖ? ምነው ባልተማረችስ» አለች የሺ። ከዚያ የጎማ ጫማ ድምፅ ተሰማና ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ፈትለወርቅ ውሃው ከጆጉ እየተንጠባጠበ እግሯን እንዳራሰው ያወቀችው ቅዝቃዜው ሲሰማት ነው።

ፈትለወርቅ ስድብ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። ይህን ንፋስ መውጫ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ የመሶቧን ዋጋ ሊያረክስ የተከራከራትን ነጋዴ፣ መሶቡን ከእጁ ቀምታ «ይህ ለአንተ ቤት አይሆንም» ካለችው በኋላ እዚያው ፊቱ ላይ ለአንዲት ገበሬ በግማሽ ዋጋ እንደሸጠችው እስከ ዛሬ ይወራል። ከስማዳ እስከ እስቴ፣ ከላይ ጋይንት እስከ አርብ ገበያ፣ ልጁን የሚድር ቤት መሶብ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የፈትለወርቅ ቀይ ነው?» ብሎ ነው። የሌሎቹ ቀይ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይደበዝዛል፤ የሷ ግን እንጀራ ሲወጣበትና ሲገባበት ኖሮ፣ መሶቡ አርጅቶ ክዳኑ ሲጎብጥ እንኳ ቀዩ እንደነበረ ነው። ልጇን መስከረምን ያሳደገችው፣ ዩኒቨርሲቲም ያስገባቻት በዚሁ ቀይ ነው። እናም የሺ በአንድ አፍ የሰደበችው ሁለት ሰው ነበር። ዛሬ ግን ፈትለወርቅ ጆጉን እንደያዘች ከአጥሩ ወዲህ ቀረች፤ ፈርታ አልነበረም። ልጇ በዚያ ሽንት ምን እንደምትሠራ እሷም በወጉ አታውቅም ነበር፤ የማያውቁትን ነገር ደግሞ ተሟግቶ መርታት አይቻልም።

ቤቷ አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። በዳንቴል የተሸፈነ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አልጋ፣ ግድግዳውን ሙሉ የተሰቀለ ሰፌድ፣ ሌማትና ሙዳይ፣ ጥግ ላይ የታሰረ የአክርማ ነዶ፤ ቤቱ ሁልጊዜ የደረቅ ሣር ሽታ ይሸታል። መስከረም ገና ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳለች፤ አልጋዋን አንጥፋለች፣ ከአልጋዋ ሥር ሰማያዊ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች የሞሉበት ካርቶን አለ። ከባሕር ዳር በመጣች ማታ እራት ላይ ሥራዋን ተናግራ ነበር። ቀለም የሚነክሩ፣ ቆዳ የሚያለፉና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎችን ሽንት እንሰበስባለን፤ የሽንት ፊኛ ካንሰር ገና ሳይጠና ምልክቱን ሽንት ውስጥ ይጥላል፤ ያንን ምልክት ከዲኤንኤው ላይ እንፈልጋለን አለች። ይህን ስትል እናቷን አላየችም፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ፈትለወርቅ «እሰይ» አለችና ሽሮ ጨመረችላት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያነሳው የለም። መስከረም ጎረቤቱን ሁሉ ስትለምን ለእናቷ አንዲት ብልቃጥ አልዘረጋችም፤ ፈትለወርቅም ይህን እንደ ንቀት ቆጥራ አኮረፈች። ብትዘረጋላት ኖሮ ደግሞ «ቀለሜን ልትከሺው ነው የመጣሽው?» ብላ እንደምትቆጣ ሁለቱም ያውቁታል። እንዲህ እየተዋወቁ፣ ስለ አየሩና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ እያወሩ ሳምንቱን ገፉት።

አሁን ደግሞ የተሸፈነውን ልግለጠው። የፈትለወርቅ ሽንት አልፎ አልፎ መቅላት ከጀመረ ሰነባብቷል። አያማትም፣ አያቃጥላትም፤ ለጥቂት ቀን ይቀላና ይተዋታል፣ ረሳሁት ስትል ደግሞ ይመለሳል። ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ ባይ ነበረች። አለላው፣ የተነከረው ስንደዶ ማለት ነው፣ ሳይርስ አይታዘዝም፤ ፈትለወርቅ ደግሞ ውሃ በጣሳ አስቀምጣ ከማራስ ይልቅ በከንፈሯ ይዛ ማራስ ይቀናታል። እጇ በወስፌ ሲወጋ አፏ አለላ ይዞ ይውላል፤ ማታ ከንፈሯ እንደ ኮረዳ ቀልቶ ይገኛል። እና «በቀይ የገባ በቀይ ይወጣል» አለች፤ ነገሩ አለቀ። ለራሷ ብቻ ብላው ቢሆን ደግ ነበር። ስፌት ያስተማረቻቸው ሴቶች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «እትዬ፣ ሽንቴ ቀላብኝ» ሲሏት «ታዲያ ቀለም የዋጠች ሴት ወተት ልትሸና ኖሯል?» ብላ አስቃ ትሸኛቸዋለች። የሳቀ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም። በዚያ አገር ስለ ቀይ ነገር ከፈትለወርቅ ወዲያ የሚጠየቅ ስላልነበረ ቃሏ እንደ ሃይማኖት ተያዘ።

ጆጉን አስቀምጣ ገባችና ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎተተች። አንዲት ብልቃጥ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ስትመለስ ብልቃጧ ሞልታለች፣ ያውም የዛሬው ደመቅ ያለ ነበር። ፈትለወርቅ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ልጇ ሽንት ከፈለገች የእናቷን ቀለም አይታ ትመን! ብልቃጧን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችና በምን ልትይዛት እንደሚገባ አሰበች። በፌስታል መያዝ ማለት መደበቅ ነው፤ መደበቅ ደግሞ የሺን ልክ ነሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከተሰቀለበት ያወረደችው አገልግሉን ነው፤ ለአንድ ሙሽራ ቤት የሰፋችው፣ ቆዳው ገና የሚሸት፣ ወዳጅ ሲጠየቅ ምሳ ተይዞበት የሚኬድ አገልግል። ብልቃጧን መካከሉ ላይ አቁማ ስትከድነው አገልግሉ ከእንግዲህ እንደማይሸጥ አወቀች። ይሁን አለች። ጥለት ያለው የዓውደ ዓመት ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

የሺ በሯ ላይ ቆማ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «የት ነው እንዲህ አምረሽ? ለቅሶ ነው ሰርግ?» አለቻት። «ለልጄ ሽንት ላደርስላት ነው» አለች ፈትለወርቅ፣ እርምጃዋን ሳታቋርጥ። የሺ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ፈትለወርቅ ግን ከልቧ ነበር። ባጃጅ አልያዘችም፤ በባጃጅ የሄደን ሰው ማን ያየዋል? የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በአህያና በገብስ ጆንያ ተጨናንቋል፣ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ የረዳቶቹን «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» አብሮ ይወስደዋል። ቀለም የምትገዛበት ሱቅ ፊት ቆም አለች። ትናንት አርባ ብር የነበረች የቀለም ጥቅል ዛሬ መቶ ሃያ ገብታለች፤ ባለሱቁ «ዶላር ነው እትዬ» አላት፤ ዶላርና ስንደዶን ምን እንዳገናኛቸው ግን አላስረዳትም። ከጎኑ የላስቲክ መሶብ ተደርድሯል፣ ደማቅ ቀይ፣ ከሷ ሲሶ ዋጋ። አንዷን በጥፍሯ ነካ አድርጋ «ይህም መሶብ ተብሎ» አለችና አለፈች። የሚያውቋት ሁሉ ጎንበስ እያሉ ሰላም አሏት፤ አገልግሉን እያዩም «ለመስከረም ምሳ?» ይሏታል። «ለመስከረም» ትላለች።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ግን ሁሉም ሰበብ ነበራቸው፤ አንዷ ለጉንፋን ነው የመጣሁት ትላለች፣ አንዷ እህቷን ትጠብቃለች፣ አንዷ ደግሞ ፀሐይ ልትሞቅ ነው። ዓይናቸው ግን ዳር ላይ ወዳለው ክፍል ነበር። በሩ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ መስከረም ነጭ ጋውኗን ለብሳ በሩ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ያሉት ብልቃጦች ባዶ ናቸው። ፈትለወርቅ ልጇን ከሩቅ አየቻት። ያን ሁሉ ተምራ፣ ገዢ እንዳጣ ነጋዴ ባዶ ዕቃ ዘርግታ መቀመጧ አንገበገባት። ከወንበሩ አንዲት ሴት ብድግ ብላ ጉልበቷን ልትስም ጎነበሰች፤ አዜብ ነበረች፣ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣች የስፌት ተማሪዋ፣ አሁን ራሷ የታወቀች ባለሙያ። ሰፌድ ልትሸጥ መጥታ ነው። «እትዬ ፈትለወርቅ! ምሳ ይዘውላት ነው? የታደለች» አለች።

«ምሳስ አይደለም» አለች ፈትለወርቅ ሁሉም እንዲሰማ። አገልግሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ብልቃጧን ፀሐይ ላይ አቆመቻት። «ይኸው። የኔ ነው። ልጄ ሽንት ስትሰበስብ ካየኋት ወዲያ የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ሊሰጣት አይገባም። ማፈር ያለበት የሚሸና ነው ወይስ የማይሸና?» አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ለጉንፋን የመጣችው ሴት ሳቋ ሳልዋን ቀሰቀሰባት። አዜብ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ይበሉ እንግዲህ፣ እትዬ ካሉስ እኛ ማን ነን!» አለች። ፈትለወርቅ ተሳክቶልኛል ብላ ወደ ልጇ ዞረች። መስከረም ግን አልሳቀችም፤ የምታየው ብልቃጧን ነበር። ብልቃጧን በሁለት እጇ አንስታ ቀስ ብላ «እማ፣ ወደ ውስጥ ግቢ» አለች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በረዶ የያዘ ሣጥን፣ ማይክሮስኮፕ፣ ክዳን ያላት ድስት የምታክል ማሽን፣ ሁለት ወንበር። መስከረም በሩን ዘጋችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። ፈትለወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቀለም ነው እኮ፤ አለላውን በአፌ እንደምይዝ አንቺ አታውቂም?» መስከረም ደግማ አልጠየቀችም፤ እናቷ በክርክር እንደማትረታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ከብልቃጧ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ቀዳች፣ ማሽኗ ውስጥ ትይዩ አስቀመጠቻቸውና ከደነች። «ይህች ማሽን በኃይል ታሽከረክረዋለች። ቀለም ከሆነ ውሃው እንደቀላ ይቀራል። ደም ከሆነ ግን ከታች ይዘቅጥና ከላዩ ይጠራል» አለች። ፈትለወርቅ ይህ ፍርድ ደስ አሰኛት። እሷን ስለ ቀለም መዝቀጥ ሊያስተምራት የሚችል ማን አለ? የእድሜዋ ትምክህት ይኸው አይደለም? የኔ ቀይ ከውሃው ጋር አንድ ይሆናል እንጂ አይዘቅጥም እያለች ነው የኖረችው። ማሽኗ መዞር ጀመረች። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ማሽኗን ያዩ ጀመር፤ የመስከረም ክንድ የእናቷን ክንድ ነክቶ ነበር፣ አላራቀችውም።

ማሽኗ ስትቆም መስከረም ክዳኑን ከፍታ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «አንቺ አውጪው» አለች። ፈትለወርቅ ቱቦውን በቀላው ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ላዩ ያልተነከረ ስንደዶ መልክ ነበር፣ ጥርት ያለ። ታች፣ ቱቦው በሚሾልበት፣ ቀዩ ተሰብስቦ ተኝቷል። ቱቦውን ዘንበል አደረገችው፤ ከላይ ያለው ውሃ ሄደ፣ ቀዩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። አሁንም አሁንም አየችው። ቀለም እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። ልጇ እስክትነግራት አልጠበቀችም፤ ስለ ቀይ ነገር የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ሁልጊዜ እሷ ናት። «ይህ ቀለም አይደለም» አለች። ቱቦውን መልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፈራች።

መስከረም እግሯ ሥር ቁጢጥ ብላ እጆቿን ያዘች። የቀላ ሁሉ ካንሰር አይደለም አለቻት፤ ጠጠርም ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ናሙናው ባሕር ዳር የሚሄደው፣ አንቺም አብረሽኝ ሄደሽ ሐኪም ያይሻል። ፈትለወርቅ «እዚያ ወስደሽ ምን ታደርጊዋለሽ?» አለች፤ በመጣች ማታ መጠየቅ የነበረባትን። መስከረም በቀላሉ ነገረቻት። ከፊኛው ግድግዳ ሕዋሳት እየረገፉ በሽንት ይወርዳሉ፤ በያንዳንዱ ውስጥ ሰውነት የሚሠራበት ንድፍ አለ፣ ዲኤንኤ የሚሉት፤ ካንሰር የሚነሳው ንድፉ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳት ነው፣ ያንን ሚውቴሽን ይሉታል። «እኔ የምፈልገው ያንን ስህተት ነው» አለች። ፈትለወርቅ ግንባሯን ቋጠረች። መሶብ ላይ አበባ ስታወጣ አንዲት ዙር ላይ አንዲት ስፌት ብትሳሳት፣ የሚቀጥለው ዙር ስህተቱን ተከትሎ ይወጣል፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ፣ እስኪያስታውቅ ድረስ መሶቡ ተጣሟል። ባለሙያ ማለት ገና አንዲት ስፌት ሳለች የሚያያት ነው። «እና አንቺ ገና አንዲት ስፌት ሳለች ታያታለሽ?» አለች። «አያታለሁ እማ። ሁልጊዜ አይደለም እንጂ አያታለሁ።» «ሰው ከደፋው ሽንት ውስጥ?» «ሰው ከደፋው ሽንት ውስጥ።»

ፈትለወርቅ ልጇን ገና ዛሬ እንደተዋወቀቻት ሁሉ አየቻት። ሙያዬን ሳትወርስልኝ ቀረች ብላ በልቧ የምታዝንባት ልጅ፣ እሷ ራሷ በዓይኗ ከምታየው እጅግ የደቀቀ ስፌት ስትቆጥር ኖራለች! ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ከፍርሃቷ ጎን ግን ኩራት ተነስቶ ደረቷን ሞላው፣ እንዲህ ያለ ኩራት ሙሽሮች መሶቧን ተሸክመው ሲወጡ እንኳ ተሰምቷት አያውቅም። «ታዲያ ለምን ለእኔ ብልቃጥ አልሰጠሽኝም?» አለች። መስከረም ጉንጯን በክንዷ ጠረገች። «ፈርቼ። ቀይ ሆኖ ባገኘውስ ብዬ» አለች። «እኔን ፈርተሽ?» «አንቺንም።» ሁለቱም እያለቀሱ ትንሽ ሳቁ።

ከዚያ መስከረም ተነስታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ይህ የታካሚ ምስጢር ነው፣ ከእኔ አፍ አይወጣም፣ በጓሮ በኩል በር አለ፣ ከፈለግሽ በዚያ ውጪና ቤት እመጣለሁ አለቻት። ፈትለወርቅ የጓሮውን በር አየችው። ደም ትሸናለች ከተባለ ነገ በሷ እጅና ከንፈር የተሠራ መሶብ ማን ይገዛታል? መሶብ እንጀራ የሚቀመጥበት ነገር ነው፤ ሰው ደግሞ ከሚበላበት ነገር ላይ ወሬ አይወድም። የሺማ ለዓመት የሚበቃ ወሬ አገኘች ማለት ነው። ሁሉንም አሰበችው። ነገር ግን በፊት ለፊቱ በር በኩል የአዜብ ሳቅ ይሰማ ነበር። አዜብ ስፌት ስትማር፣ ጋሬጣ የወጋት ያህል ፊቷን ጨምድዳ፣ ስለ ቀላው ሽንቷ ጆሮዋ ሥር የጠየቀቻት ትዝ አላት፤ የመለሰችላትም ትዝ አላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አይታሽም፤ ግን ወለም ያለው እግር እንኳ እያነከሰ መሄዱ አይቀርም። ተነስታ ነጠላዋን ዳግም አጣፋችና በፊት ለፊቱ በር ወጣች።

«እህሳ እትዬ?» አለች አዜብ ከወንበሩ ብድግ ብላ፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይወርድ። «ቀለም ነው አይደል?» ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ፈትለወርቅ በሕይወቷ «ተሳሳትኩ» ብላ የተናገረችበትን ቀን ብትፈልግ አላገኘችም። «ቀለም አይደለም» አለች። «ቀለም ነው ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ተሳሳትኩ። ደም ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ያሳየችኝም ይህች ልጄ ናት። ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም፤ እስክናውቅ ግን ማንም ቀለም ነው እንዳይላችሁ፣ እኔም ብሆን።» የአዜብ ሳቅ ከፊቷ ቀስ ብሎ ወረደ። የቀሉ ጣቶቿን አየች፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ከዚያ ማንንም ሳታይ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ እጇን ለመስከረም ዘረጋች። መስከረም ብልቃጥ ሰጠቻት። ፀሐይ ልትሞቅ የመጣችውም ሴት ተነሳች፤ እህቷን የምትጠብቀውም እህቷን መጠበቅ ተወች። ለጉንፋን የመጣችው ብቻ፣ እሷ የእውነት ጉንፋን ይዟት ስለነበር፣ እያስነጠሰች ቀረች።

ፈትለወርቅ ሰው በሳሳበት ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ስልኳን ከጉያዋ አወጣች፣ ስም እየፈለገች በቀላው አውራ ጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው፣ ደወለች። መጀመሪያ የደወለችው አርብ ገበያ ላለችው የስፌት ተማሪዋ ለደስታ ነው። ስልክ ላይ ሁልጊዜ እንደምትጮኸው ጮኸች፣ ግቢው በሙሉ ሰማ። «ሄሎ፣ ደስታ! ፈትለወርቅ ነኝ። ደኅና ነሽ? ልጆቹስ? ስሚኝ፣ ያኔ ስለ ቀዩ የነገርኩሽን ተይው። ተይው አልኩሽ! ነገ ማልደሽ ንፋስ መውጫ ነይ፣ ጤና ጣቢያው፣ ልጄ መስከረም አለች። አዎ፣ የኔዋ መስከረም። ምን? ... አዎ፣ እኔም ፈርቻለሁ። አንቺም ፍሪና ነይ።»